ሥራው ሩቅ፣ ሸክሙ ቅርብ

የዘንድሮ እንግዳ ደጃፍ ተሻግሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውኃ አይደለም፤ ሶኬት ነው። የአባቱን እጅ ስሞ ሳይጨርስ ዓይኑ ግድግዳ ግድግዳውን ይፈልጋል። «ዋይፋይ አላችሁ?» ይላል። የለም ሲባል «ታዲያ ጥሩ ኔትወርክ ያለው የማን ስልክ ነው?» ይላል። ከዚያ ላፕቶፑን፣ ቻርጀሩን፣ ፓወር ባንኩን፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከሻንጣው እያወጣ ይደረድራል። ስንት ጊዜ ትቆያለህ ሲሉት «ሦስት ወር» ይላል። ሦስት ወር ሙሉ! እልል ይባላል። እልልታው ሳይበርድ ደግሞ «ግን እየሠራሁ ነው የመጣሁት» ብሎ ይጨምራል።

ይህቺን «ግን» ልብ በሉልኝ። የዛሬው ጽሑፌ ጠቡ ከእሷ ጋር ነው።

ነገሩ የመጣው ከኮሮና ጋር ነው። በ2012 ዓ.ም. የዓለም መሥሪያ ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ፣ ብዙ የቢሮ ሠራተኛ ሥራውን ከቤቱ ሆኖ መሥራት እንደሚችል ታወቀ። ሰው ደግሞ ብልጥ ነው፤ «ከቤቴ ከሠራሁ ከየትስ ብሠራ ምን ቸገረው?» አለ። መንግሥታትም ነቁ። ባርቤዶስ እ.ኤ.አ. በ2020 «ዓመት ሙሉ ከኛ ባሕር ዳርቻ ሆነህ ለአገርህ ኩባንያ ሥራ» የሚል ፈቃድ አወጣች። ኢስቶኒያ በዚያው ዓመት ተከተለች። ጎረቤታችን ኬንያም በ2024 እንዲህ ያለውን ፈቃድ ጀመረች። እኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለው እንግዳ የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አብዛኛው ልጃችን ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው፣ ያለ ቪዛ ገብቶ መኖርም መሥራትም ያስችለዋል። ስለዚህ ከቶሮንቶ፣ ከዋሽንግተን፣ ከሜልቦርን ሥራውን በቦርሳው ይዞ ይመጣል። ሹዋሊድ በ2016 ኅዳር በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ለሐረር ልጅ መምጫ የሚሆን ሰበብ አልጠፋም።

ይምጣ። መጥቶ ይክረም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህን የሩቅ ሥራ በቅርብ የሚሸከመው ማን ነው?

ሶፊ ላይ አንድ ቤት እናስብ። የማንም ቤት ነው አልልም፤ የብዙ ሰው ቤት ስለሆነ ባለቤቱን መጥራት አያስፈልግም። ሶፊ ከሐረሪ ክልል ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ማሽላና ጫት የሚመረትባት የአርሶ አደር አገር። በዚህ ቤት አባት አለ፣ እናት አለች፣ ከትምህርት የተረፈ ጊዜውን በርጫ ላይ የሚያሳልፍ ወንድም አለ፣ 12ኛ ክፍል የደረሰች እኅት አለች። ልጁ ከቶሮንቶ መጣ። ወሩ ሰኔ ነው እንበል። በዚያ ወቅት በቶሮንቶና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። የእሱ መሥሪያ ቤት በጠዋት ሦስት ሰዓት ሲከፈት፣ ሶፊ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሆናል። እዚያ ሥራ ሲያበቃ፣ እዚህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ክረምታቸው ሲገባ ልዩነቱ ስምንት ይሆንና ሥራው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይዘልቃል። የካሊፎርኒያው ልጅ ከሆነማ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ግድም ነው፤ እሱን ተዉት።

አሁን ሰዓቱን እየቆጠርን ቤቱን እንይ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጎረቤት «እንኳን ደህና መጣህ» ሊል ይመጣል። እኅቲቱ በር ላይ ቆማ በሹክሹክታ «ሚቲንግ ላይ ነው» ትላለች። ጎረቤት ሚቲንግ ምን እንደሆነ ባያውቅም ተመለስ መባሉን ያውቃል። የሚያለቅስ ሕፃን ካለ ወደ ጓሮ ይወሰዳል። ፍየሏ ትታሰራለች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ለልጁ የምሳ እረፍት ነው፤ ግማሽ ሰዓት አለችው፤ ራት በዚያች ግማሽ ሰዓት መድረስ አለበት። ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ቤቱ ይታፈናል። ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ ላፕቶፑን ከድኖ ይወጣል። ይርበዋል፤ ቢርበው አይፈረድበትም፤ ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው ነው። ምግቡን የሚያሞቅለት፣ ሆጃውን የሚያፈላለት ማን ነው? እሷው ናት። ተኝታ ከሆነ ትነሣለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ለውኃ ትነሣለች፤ ጀሪካኑ ሌሊት ማን አምሽቶ እንደሠራ አይጠይቅም። ልጁ ግን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ይተኛል። ስለዚህ ቤቱ ጠዋትም ይታፈናል። ማታ «እየሠራ ነው»፣ ጠዋት «ሌሊቱን ሠርቶ ነው»። ከሃያ አራቱ ሰዓት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራበት አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ቢቀር ነው።

ቤቱ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ትርዒት አለ። የሐረሪ ቤት ጊዲር ጋሩን ሲሠራ ለእያንዳንዱ ሰው መቀመጫውን ለክቶ ነው፤ ነደባው በማዕረግ ነው የተደለደለው፣ አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። ስንት ዘመን የተከበረች ወንበር! ዛሬ ሶኬቱ ለእሷ ቀርቦ ከተገኘ ላፕቶፑ ይቀመጥባታል፤ አባት ወደ ታች ይወርዳሉ። ወርደውም «ተዉት፣ ልጄ ይሥራ» ይላሉ።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ስሙ «የርቀት ሥራ» ነው። ርቀቱ ለማን ነው? ለቶሮንቶው አለቃ ነው። አለቃው የሚያየው በሰዓቱ የተላከ ሪፖርት ነው፤ ከሪፖርቱ ጀርባ ያለውን ጀሪካን አያየውም። ለሶፊዋ ልጅ ግን ሥራው ሩቅ አይደለም፤ መኝታዋ አጠገብ ነው።

«ጋዜጠኛው ዛሬ ደግሞ መንገደኛ ሊከስ ተነሣ» እንዳትሉኝ። መንገድና ሥራን ማዋሐድ ለሐረር አዲስ አይደለም። ሐረር በሲራራ ነጋዴ የቆመች ከተማ ናት። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በግመል ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ሲወርድ፣ ጨርቁና ሸቀጡ ሲወጣ ኖሯል። ያ ነጋዴም ከቤቱ ርቆ ወራት ይከርም ነበር። ልዩነቱ ሥራው ያለው በደረሰበት አገር መሆኑ ነው። የሚሸጥለትን ሰው ቋንቋ ካልተማረ አይገዛም፤ ያሳደረውን ሰው ካስቀየመ በሚመጣው ዓመት የሚያሳድረው የለም። አገሬው ለእሱ ገበያውም ዋሱም ነበር። የዘመኑ መንገደኛ ግን ገበያውም ዋሱም ሌላ አገር ነው። ሦስት ወር ሶፊ ተቀምጦ ከአንድ ሰው ጋር ሳይነጋገር ደመወዙ ሳይጎድል ይከፈለዋል። እዚህ የቀረለት የተቀላቀለ ነገር ቢኖር ምግቡና መኝታው ነው።

የሩቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስንልም ሐረር ታዋቂ ምሳሌ አላት። አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር የገባው በገጣሚነቱ አይደለም፤ የመን ኤደን ላይ ጽሕፈት ቤት ያለው የባርዴ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ነው። ግጥም መጻፍ ትቶ ነበር። እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ድረስ ቡናና ቆዳ ሲገዛና ሸቀጥ ሲሸጥ ኖረ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከሕይወቱ ሁሉ የሚያውቁት ጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ያማረ ቤት ነበር፤ በዚያ ቤት መኖሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንኳ የለም። እኔ ግን ስለ ራምቦ ሳስብ የሚመጣብኝ ቤቱ ሳይሆን ቃሬዛው ነው።

በ1891 ሚያዝያ እግሩ አብጦ መራመድ አቃተው። ሐረር ላይ ቃሬዛ አሠርቶ 16 ሰዎች ተሸክመውት ወደ ዘይላ ወረዱ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ፣ ዐሥራ አንድ ወይም ዐሥራ ሁለት ቀን። ከዘይላ በመርከብ ኤደን፣ ከዚያ ማርሴይ፤ እግሩ ተቆረጠ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። በመንገድ ሳለ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ተሸካሚዎቹ አንድ ቀን ቃሬዛውን መሬት ላይ ስለጣሉት አራቱን አንዳንድ ብር ቀጣቸው፤ የአራቱንም ስም ከቅጣቱ ጋር መዘገበው። ፍትሕ እንዳይጓደል ይህንንም ልበል፤ ጃሚ ለሚባለው የሐረር አገልጋዩ ገንዘብ ተናዝዞለታል። የሌሎቹን ግን አስቡት። ዓለም ያደነቀውን ገጣሚ በትከሻቸው ከሞት መንገድ ላይ ያወረዱ ሰዎች፣ በማስታወሻው ስማቸውን ያገኙት ስለተሸከሙ ሳይሆን ስለተቀጡ ነው።

የሶፊዋም ልጅ እንደዚሁ ናት። ራት በሰዓቱ ሲደርስ ስሟን የሚጠራ የለም። ሚቲንግ መሐል ዕቃ ከእጇ ካመለጠ ግን «አንቺ!» ትባላለች።

የሚሉኝን አውቃለሁ። አንዱ፣ «ሳይመጣ ከሚቀር ሥራውን ይዞ ቢመጣ አይሻልም ወይ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚናቅ አይደለም። አሜሪካ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የላትም። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ግዛት ሕግ የሚያስገድደው ሁለት ሳምንት ነው፤ አምስት ዓመት ለሠራ ሦስት። ከሁለቱ ሳምንት መንገዱ ሦስት አራት ቀን ይበላል። እናቱን አሥር ቀን አይቶ ለሚመለስ ልጅ ሦስት ወር ትልቅ ነገር ነው። አዎ፣ ይሻላል። እናትም ብትጠየቅ «አጠገቤ ሲተነፍስ መስማቱ ይበቃኛል» ትላለች።

ግን እዚህ ላይ እንተማመን። አሥሩን ቀን የሚመጣው ልጅ አሥሩንም ቀን እንግዳ ነው፤ ሰው ይቀበላል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። የሦስት ወሩ ልጅ በሦስት ወር ውስጥ በእርግጥ ለእናቱ የሰጠው ሰዓት ተደምሮ ስንት ነው? ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ያለው ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ የከተማ ጉዳዩን፣ የባንክ ወረፋውን፣ የጓደኛ በርጫውን ቀንሱ። እናት ሦስት ወር ያገኘች ይመስላታል፤ የምታገኘው ግን በር ሥር የሚወጣ የላፕቶፕ ብርሃን ነው። ደግሞም የእናት «ይበቃኛል» ማለት ለክርክር ማስረጃ አይሆንም። እናት ምን አልበቃት ብሎ ያውቃል?

ሌላው፣ «ወጪውን እኮ ሸፍኗል፣ ዶላር አምጥቷል» ይላል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር 57 ብር ግድም ከነበረበት በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቶሮንቶ ደመወዝ ሶፊ ላይ ሲመነዘር ከበፊቱ እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ልክ ነው፣ ልጁ በግ ገዝቷል፣ ቆርቆሮ ቀይሯል፣ ለአባቱ የእጅ ሰጥቷል። ለእኅቱስ? ሻርፕ። ሽቶ። «አይዞሽ ጎበዝ ነሽ።» ሦስት ወር ሙሉ የማታና የሌሊት ሠራተኛው ሆና ዋጋዋ ሻርፕ ነው። ይህ ሰው በሚኖርበት አገር ለአንድ ሰዓት የቤት ጽዳት ስንት እንደሚከፈል አሳምሮ ያውቃል። አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ግን ያ ዕውቀት ከሻንጣው ይወድቃል።

ሦስተኛው ደግሞ «ይህ እኮ ባህላችን ነው፤ እኅት ለወንድሟ ብታበስል ምን አለበት?» ይላል። ኧረ አቦ! ባህሉ ለእንግዳ ነበር። እንግዳ ደግሞ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ለሦስት ወር በየቀኑ ከአሥር ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የሚሠራ ሰው ቢሮ ከፍቷል እንጂ እንግድነት አልመጣም። ቢሮ ደግሞ ኪራይ አለው፣ ጽዳት አለው፣ ተላላኪ አለው፣ ሁሉም ደመወዝ አለው። በእንግዳ ስም ገብቶ በቢሮ ደንብ መኖር ባህል አይባልም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከላይ ይህቺ ልጅ 12ኛ ክፍል ናት ብያለሁ። በጥቅምት 2015 የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ካለፉት ተማሪዎች ብዛት ከመቶ 3.3 ያህል ነበር። በቀጣዩ ዓመትም ከመቶ 3.2። በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ልጆች ሦስቱ ብቻ ባለፉበት ፈተና አንዲት የገጠር ልጅ ከአላፊዎቹ አንዷ ለመሆን ምን አላት? ቀን ትምህርት ቤትና የቤት ሥራ ነው። ያላት ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው። እነዚያው ሰዓቶች ናቸው የቶሮንቶው ቢሮ የሚጠይቃቸው። ጥሩ ኔትወርክ ያለውም ስልክ የእሷው ሆኖ ተገኝቷል፤ ለወንድሟ ሆትስፖት ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ ያለችው አንዲት ፓወር ባንክ ወዴት እንደምትሄድ መናገር አያስፈልግም። ወንድም ሩቅ አገር ያለ ሥራውን ሲያድን፣ እኅት አጠገቡ ተቀምጣ ዕድሏን ታጣለች። እሱም ይህን አያውቅም፤ የነገረው የለም። እሷም አትናገርም፤ ስለ እሷ የሚከፈለውን የትምህርት ቤት ወጪ የሚልክ እሱ ነዋ!

ሕግ ይድረስላት እንዳንል፣ ሕጉም ፊቱን አዙሯል። የባርቤዶስ ፈቃድ አመልካቹን ዓመታዊ ገቢህ 50 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይሆናል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ራትህን ማን ይሠራልሃል ብሎ አይጠይቅም። የኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ በመደበኛ አይሠራም፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው ይላል። የቤት ሠራተኛን ግን ከአዋጁ ውጪ አድርጓታል። ተቀጥራ የምትሠራዋ ከሕግ ውጪ ከሆነች፣ በእኅትነት የምትሠራዋማ ከወሬም ውጪ ናት።

የዓለምን ነገር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የቢሮ ሰው «ሥራዬን ይዤ የትም መሄድ እችላለሁ» ብሎ በተደሰተበት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ቤሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው ከቤት አውጥተው የጣሏቸው ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ቆንስላችን ደጃፍ አስፋልት ላይ ተኝተው ነበር። እነሱም በሰው አገር የሚሠሩ ናቸው። ግን የሰው ወጥ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ወለል በቦርሳ ተይዞ አይኬድም። ሥራውን ይዞ የሚዞር አለ፤ ሥራ ይዞት የሚቀር አለ። የመጀመሪያው እንዲዞር ሁለተኛዋ መቆም አለባት። የሶፊውን ቤት ከቤሩቱ ቤት ጋር አላስተካክልም፤ በሶፊው ቤት ፍቅር አለ። ፍቅር ባለበት ቤት ግን ሒሳብ መጠየቅ ነውር ስለሚሆን ዕዳው ዝም ብሎ ይከማቻል።

ጥፋቱን ሁሉ በመጪው ላይ ብጭን ደግሞ ውሸት ይሆናል። እኛም አለንበት። በርጫ ላይ የተቀመጠው ወንድም አንድ ጀሪካን ቢያመጣ፣ ሌሊት አንድ ቀን ምጣድ ቢጥድ ሰማይ አይወድቅም። አባትም «ልጄ ይሥራ» ሲሉ ሴት ልጅም እንዳላቸው ቢያስታውሱ ጥሩ ነበር። ሴት ልጅ የምትሠራውን ሥራ ሥራ ብሎ የማይጠራ ቤት፣ እንግዳው ባይመጣም ይበድላታል። ላፕቶፑ የነበረውን ጭነት አበዛው እንጂ አልፈጠረውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንተ ከቦርሳህ ጋር የምትመጣው ወንድሜ፣ ስማኝ። (አንቺም እኅቴ፣ ላፕቶፕ የያዘች ሴት ስትሆን ለሌላ ሴት ትራራለች የሚል ሕግ የለምና ስሚ።) ከሦስቱ ወር ቢያንስ ሁለቱን ሳምንት ንጹሕ ፈቃድ አድርገው፤ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ይደር፣ ለቅሶ ድረስ፣ ከአባትህ ጋር ማሳ ውረድ። ለሚቀረው ጊዜ ሐረር ከተማ አንድ ክፍል ተከራይና ማታ ማታ እዚያ ሥራ፤ ቶሮንቶ ለመኪና ማቆሚያ ከምትከፍለው አይበልጥብህም። ይህ አይሆንልኝም፣ እናቴ ቤት ነው የምሠራው ካልክም ሰዓትህን በግልጽ ለቤቱ ተናገር። ሌሊት የተኛ ሰው አይቀስቀስ፤ እንጀራ በሞሶብ፣ ሻይ በፔርሙስ አለ። የራስህን ሲም ካርድ አውጣ፤ የተማሪ ስልክ አትንካ። ከልማዷ በላይ ለምትሠራው ሥራ ደግሞ ደመወዝ ክፈል። ስጦታ አላልኩም፣ ደመወዝ ነው ያልኩት፤ በወር፣ በተነገረ ልክ፣ በአባት እጅ ሳይሆን በእሷው ቴሌብር። እሱንም አልፈልግም፣ ጥናቴን ነው የምፈልገው ካለች፣ ለሦስቱ ወር ሌላ ሰው በደመወዝ ቅጠርና እሷን ልቀቃት።

ይህን ያህል ነው። ዓለምን አይለውጥም፤ የአንዲት ልጅን ማታ ግን ይመልሳል።

ቲኬት ስትቆርጥ ለአለቃህ «ኔትወርክ አለ፣ መብራት አለ፣ ሥራዬ አይጓደልም» ብለህ ቃል ትገባለህ። ያንን ቃል ስትገባ የማን ጉልበት ላይ እንደምትፈርም ዕወቅ። ስለዚህ ከመምጣትህ በፊት አንድ ስልክ ደውል። ለእናትህ አይደለም፤ እሷ «ና ብቻ» ነው የምትልህ። ለእኅትህ ደውልና፣ ማታ ማታ የምታጠኚው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው ብለህ ጠይቃት። የሥራ ሰዓትህን ከአለቃህ ጋር የምትነጋገረው ከዚያ በኋላ ይሁን።